እየሄደ ቀጥ የሚል ሞተር



ያረጀ መኪና በከተማችን የብዙ ቤተሰብ አገልጋይ ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ አቅመ ደካማ ወላጆችን ሐኪም ቤት ይወስዳል፤ ለሠርጉም ለለቅሶውም ይታዘዛል፤ የዒድ ዕለት ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ ከሠፈር ሠፈር ያዞራል። ይህ አገልጋይ ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይቸገራል። ከበሽታዎቹም ሁሉ እጅግ አድካሚው ሞተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ እየሄደ ቀጥ ማለቱ ነው። ጎማ ቢተነፍስ ይታያል። ራዲያተር ቢያፈስ ውሃው መሬት ላይ ይገኛል። ይህ በሽታ ግን ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ይሰወራል። መካኒኩ ሲያስነሳው ይነሳል፣ ሲነዳው ይሄዳል፤ ባለቤቱም የውሸት ከሳሽ መስሎ ይቆማል።

እኛ የመኪና ባለሙያ አይደለንም። ሥራችን ማስተማር ነው። ይሁን እንጂ ይህ በሽታ ቤታችን ገብቶ ወራት ስለቆየ፣ መንስኤውንም አልሐምዱሊላህ ፈልገን ስላገኘነው፣ ያየነውንና የተማርነውን ለሌሎች ቤተሰቦች ማካፈል ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

አሮጌው መኪና ለምን ቤታችን ቆየ?

አንዳንድ ወጣቶች «ይህን አሮጌ ብረት ለምን አትጥሉትም?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው። በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ አዲስ መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። እነዚህ ውሳኔዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በተግባር ግን ቀድሞ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና ዋጋው ከፍ ብሎ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ዕድሜውም እየተራዘመ ሄዷል። ስለዚህ ያረጀ መኪናን ሕመም ማወቅ የድሃ ቤተሰብ ዕውቀት ሆኗል።

ሞተር ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ለምትኖሩ መንገዱን መግለጽ አያስፈልግም። ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው ሰፊ መንገድ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ለሁለት ተከፍሏል። መኪና በግራው ረድፍ ላይ ቢቆም መሸሻ የለውም፤ አንድ በኩል የባቡሩ አጥር፣ ሌላ በኩል የሚከንፈው መኪና ነው። ከኋላ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ቢከተል ደግሞ ነገሩ ከመዘግየት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሞተር እየሄደ ሲጠፋ ሁለት ነገሮች አብረው ይዳከማሉ። አንደኛው ፍሬን ነው። የአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች ፍሬን ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ኃይል ይታገዛል። ሞተሩ ሲጠፋ በፍሬኑ ከበሮ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ለአንድ ወይም ለጥቂት ጊዜ ያህል ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ አልጠፋም፤ ነገር ግን በሙሉ ጉልበት መርገጥን ይጠይቃል። ሁለተኛው መሪ ነው። በሞተር ኃይል የሚታገዝ መሪ ሞተሩ ሲጠፋ ይከብዳል፤ ቢሆንም ይዞራል።

እንግዲህ ሞተር በጠፋበት ቅጽበት አሽከርካሪው መደናገጥ የለበትም። የአደጋ መብራት ያብራ። ፍሪሲዮን ረግጦ ወይም ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ መኪናው በያዘው ፍጥነት እየተንሸራተተ ወደ ቀኝ ዳር ይውጣ። ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጠ ኃይሉን አይጨርስ፤ አንድ ጊዜ ረግጦ ይያዝ። ከሁሉም በላይ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ቁልፉን አይንቀል፤ ቁልፍ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍ ይችላልና። ይህን ለሚነዳ ልጃችሁም፣ ለባለቤታችሁም ከመቸገራቸው በፊት ንገሯቸው።

በእኛ ቤት የሆነው

የእኛ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራ፣ ካርቡሬተር ያለው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ስንገዛው ቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ የለጠፈ፣ ሊብሬው የተሟላ ነበር። ጠዋት አየነው፣ ጠዋት ነዳነው፣ ጠዋት ተዋዋልን። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እናታችንን ከሐኪም ቀጠሮ ስንመልስ ጉርድ ሾላን አልፈን ቀጥ አለ። እናታችን የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ከኋላችን የነበረው የጭነት መኪና ፍሬኑን ሲይዝ የተሰማው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ስናስነሳው ምንም እንዳልሆነ ተነሳ።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። «ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» ተባለና ታጠበ። በአራተኛው ቀን ጠፋ። ወደዚያው ስንመለስ የነዳጅ ፊልትሮና ካንዴላ ተቀየረ። በሳምንቱ ጠፋ። ወደ ሌላ ጋራዥ ሄድን። እዚያ ደግሞ «ነዳጁ ፓምፑ ውስጥ እየፈላ ነው፤ ሲጠፋባችሁ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ አድርጉበት» አሉን። አደረግን፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሳ። በነጋታው ግን ደግሞ ጠፋ። በዚህ መካከል የከፈልነው ገንዘብ ከአንድ ወር ደመወዛችን በላይ ሆነ።

እነዚህ መካኒኮች ክፉዎች አልነበሩም። ያዩት መኪና ጤነኛ ነበር፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት በሌላ መኪና ያዩትን እያሰቡ ዕቃ ቀየሩ። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ በስልክ መድኃኒት እንደሚያዝ ማለት ነው።

ነዳጅ ይፈላል ወይ?

የፈላ ነዳጅ ነገር ብዙ ሰው የሚናገረው ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አባባሉ ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በከተማችን የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ለዚህም ነው ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፤ ለዚህም ነው ሽምብራና ሥጋ ቶሎ የማይበስልልን። ቤንዚን ደግሞ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ40 ዲግሪ በታች መትነን ይጀምራሉ፤ ከፍታ ላይ ከዚያም ይፈጥናሉ። ሞተሩ ላይ የታሠረ የድሮ ፓምፕ በጣም ሲግል ውስጡ እንፋሎት ሊሞላና ነዳጅ መግፋት ሊያቆም ይችላል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ለአየሩ የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው በጥቁር ጥቀርሻ ይሸፈናል፤ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት የቆመ መኪና ዝቅተኛ ዙር ይንገዳገዳል፤ መብራት ላይ ሲቆሙም ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ «ነዳጁ ፈልቶ ነው» የሚለው ግምት ሊሆን የሚችል ነው። ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ ግን የሆነው ነገር አይደለም። ጨርቁን ስናደርግበት መኪናው ተነሳ፤ ያስነሳው ጨርቁ ነው ወይስ ያለፈው ሃያ ደቂቃ? ይህን ለመለየት በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ምንም ጨርቅ ሳናደርግ ሰዓት ይዘን ጠበቅን። በሃያኛው ደቂቃ ግድም ተነሳ። ጨርቁ እንዳልሠራ በዚህ ታወቀ።

ደብተሩ

ከዚህ በኋላ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተን መኪናው ውስጥ አስቀመጥን። በጠፋ ቁጥር እነዚህን እንጽፍ ነበር፦ ቀኑንና ሰዓቱን፤ ከተነሳ ስንት ደቂቃ እንደሄደ፤ ቦታውንና መንገዱ ሜዳ ወይስ ዳገት መሆኑን፤ ነዳጁ ምን ያህል እንደነበር፤ ዝናብ እንደነበር ወይም እንዳልነበር፤ እየተንገጫገጨ ጠፋ ወይስ ባንዴ፤ ሲጠፋ የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተው ነበር ወይስ አብረው ጠፉ፤ በስንት ደቂቃ ተነሳ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጠፋ። ዘጠኙን መስመሮች ጎን ለጎን ስናነብ የማይታወቅ ይመስል የነበረው በሽታ ጠባዩ ተገለጠ። አንድም ጊዜ ከሠላሳ ደቂቃ በፊት አልጠፋም። አንድም ጊዜ ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር አልጠፋም። ስድስቱ ሜዳ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ካራ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አንዱ መብራት ላይ ቆመን ነው። ነዳጁ አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ግማሽ ነበር። ዝናቡ ለውጥ አላመጣም። ዘጠኙንም ጊዜ ባንዴ፣ ልክ ቁልፍ እንደተዘጋ ያህል ነው የጠፋው። ዘጠኙንም ጊዜ የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተው ነበር።

ይህ ምን ይነግረናል? የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ በዋናነት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ። ነዳጅ ሲያጥረው አብዛኛውን ጊዜ ባንዴ አይሞትም፤ ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል፣ ዳገት ላይ ይብስበታል። አየር በተሰነጠቀ ቱቦ ያለ ቦታው ሲገባ ሚኒሞው ይዛባል፤ መኪናው ሲቆም ወይም ነዳጅ ሲለቀቅ ይጠፋል። ብልጭታ ሲቋረጥ ግን ሞት ድንገተኛ ነው። የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ቢጠፋ ኖሮ ወደ ባትሪው ሞርሴቶ፣ ወደ ማሳው ሽቦ ወይም ወደ ቁልፉ መመልከት ነበረብን፤ እሱ ግን አልጠፋም። እንግዲህ ደብተሩ ጣቱን ወደ ብልጭታው፣ ያውም ሲግል ብቻ ወደሚከዳ የብልጭታ ዕቃ ቀሰረ።

የደላላው ምክር

በዚህ መካከል አንድ የሠፈር ደላላ መፍትሔ አመጣልን። «ኡስታዝ፣ ለምን ትደክማላችሁ? ሽጡት። ገዢ ሲመጣ ጠዋት በቀዝቃዛው አሳዩት፣ ሩብ ሰዓት ይንዳው፣ አለቀ!» አለን።

ይህን ሲናገር እኛም የገዛነው ጠዋት እንደነበር ትዝ አለን። ቀደም ሲል በመኪናው ኪስ ውስጥ ሁለት የጋራዥ ደረሰኞች አግኝተን ነበር። ቀናቸው ከእኛ ግዢ በፊት ነው፤ ሥራው የካርቡሬተር እጥበትና የፊልትሮ ቅያሪ ነው። እኛ ያስደረግነውን ሁሉ ከእኛ በፊት ያስደረገ ሰው ነበር ማለት ነው። ሻጩ ዘንድ ደውለን ብንጠይቅ «ያገለገለ መኪና ነው የገዛችሁት፤ ምን ጠብቃችሁ ነበር?» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የደላላውን ምክር ማታ ቤት ውስጥ አነሣነው። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር። እናታችን ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ እኔን ያስደነገጠኝን ለሌላ ሰው እናት አትሽጡ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም።

በመድረሳ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በፊቅህ የሽያጭ ምዕራፍ ውስጥ ሻጭ የሚያውቀውን ዐይብ መናገር ግዴታው ነው። ገዢም የተደበቀበትን ነውር ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ይህም ኺያሩል ዐይብ ይባላል። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ደንግጓል፤ ገዢውም ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ «ያገለገለ ነው» የሚለው ቃል ሻጭ የሚያውቀውን በሽታ አይሸፍንም። ያረጀ መኪና መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚያውቁትን ደብቆ መሸጥ ነው፤ በተለይ የደበቁት ነገር ሰው የሚገድል ሲሆን።

ምርመራው

በሰዎች ጥቆማ ኮተቤ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሄድን። ደብተሩን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡና ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍቱ «ይህን መኪና ማየት ያለብኝ ሲጠፋ ነው» አሉን። «ጋሼ፣ መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል?» ብንላቸው «እናንተው ጽፋችሁታል፤ ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ» አሉ።

አብረውን ተሳፈሩ። ወደ ካራ ወጥተን፣ ዞረን፣ ደግመን ወጣን። በአርባኛው ደቂቃ ግድም ቀጥ አለ። ዳር አውጥተን ወዲያው ኮፋኖ ተከፈተ፤ በሽታው ሳይሰወር ለመያዝ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነውና።

በመጀመሪያ የካርቡሬተሩን አፍ ከፍተው የነዳጁን ገመድ በእጃቸው ሳብ አደረጉ። ቤንዚኑ ፊጭ ሲል ታየ፤ ነዳጅ አለ። ካርቡሬተሩን መልሰው ከደኑና የፈሰሰ ነዳጅ አለመኖሩን አረጋገጡ። ከዚያ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የብልጭታ መፈተሻ ከካንዴላው ሽቦ ጋር አገናኝተው ሞተሪኖውን እንድናዞር አዘዙን። ብልጭታ የለም። ቀጥለው በመፈተሻ አምፖል ቦቢናውን ነኩ፤ አምፖሉ በራ፤ መብራት ከባትሪው እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው። የቀረው ቦቢናውን በየዙሩ የሚያበራና የሚያጠፋው ኢግናይተር የተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። አምፖሉን ወደዚያ በኩል አዙረው ሞተሪኖ ስናዞር ብልጭ ድርግም ማለት ሲገባው ዝም አለ።

እዚህ ላይ አላቆሙም። ቀዝቃዛ ውሃ በፌስታል ቋጥረው፣ እንዳይንጠባጠብ አድርገው፣ ኢግናይተሩ ላይ ብቻ አስደገፉት። ሃያ ደቂቃ ይወስድ የነበረው መኪና በሦስተኛው ደቂቃ ተነሳ። «አሁን ዕቃ መግዛት ይቻላል» አሉን። በማግስቱም ይኸው ሙከራ ተደገመ፤ ያው ሆነ። አሮጌው ዕቃ ሲፈታ ከሥሩ ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያስተላልፈው ቅባት ደርቆ አልቆ ተገኘ። አዲሱ ከአዲስ ቅባት ጋር ገባ፤ የማሳው ሽቦም ተጠርጎ ጠበቀ። የጠቅላላው ዋጋ ቀደም ሲል በግምት ለተቀየሩት ነገሮች ከከፈልነው ግማሹን እንኳ አልሞላም።

ደብተሩ ከዚያ በኋላም መኪናው ውስጥ አራት ሳምንት ቆየ። አንድም መስመር አልተጨመረበትም።

ይህን ምርመራ ማንም ተነሥቶ ይሞክረው ማለታችን አይደለም። የካንዴላ ሽቦ የሚይዘው መብራት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ብልጭታና ቤንዚን አንድ ላይ ከሆኑም ቃጠሎ ነው። ደብተሩን መጻፍ ግን የማንም ቤተሰብ ሥራ ነው፤ ከአሥር ዓመት ልጅ ጀምሮ ይችለዋል።

ኮምፒውተር ያላቸው መኪናዎች

ቪትዝ፣ ያሪስና ቀረብ ያሉ ኮሮላዎች ካርቡሬተር የላቸውም፤ ነዳጁን የሚለካው ኮምፒውተር ነው። ዘዴው ግን አንድ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ሲግል የሚከዳው አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ዙር የሚያነበው የክራንክ ዘንግ ሴንሰር ነው፤ ባንዴ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ታንኩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፕ ሲያረጅም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ ወንበር ሥር የሚሰማው አጭር ድምፅ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደዚያ ነው። መኪናው የሚጠፋው ሲቆም ብቻ ከሆነ የሚኒሞ ቫልቩና የአየር መግቢያው ጥቀርሻ ይዞ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር የሚደረገው ምርመራ ይጠቅማል፤ የተመዘገበ ኮድ መነሻ ይሰጣልና። ይሁንና ኮዱ ችግሩ የታየበትን አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ «ይህን ዕቃ ቀይሩ» ብሎ አይፈርድም። ኮድ ሳይመዘግብ የሚጠፋም አለ፤ ያኔ ደብተሩ ይፈርዳል።

በሌላው ዓለም

ይህ በሽታ የድሃ አገር ወይም የአሮጌ መኪና ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ 1.13 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ መኪናዎችን ለጥገና ጠርቷል። ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑት እነዚህ መኪናዎች የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተራቸው እየሄዱ ሊያጠፋቸው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ደግሞ በነዳጅ ፓምፕ ምክንያት በአሜሪካ 700,000 ያህል መኪናዎችን ጠራ።

ከሁሉም የከፋው የጄኔራል ሞተርስ ነው። የቁልፍ ማብሪያቸው ስለላላ እየሄዱ የሚጠፉ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ተጠሩ። ሞተሩ ሲጠፋ በአደጋ ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢትም አይሠራም ነበር። ካሣ እንዲከፍል የተቋቋመው ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል። በኩባንያው ውስጥ ስለ ችግሩ የሚያውቁ ሰዎች ጥሪው ከመደረጉ ብዙ ዓመታት በፊት ነበሩ። እንግዲህ የሠፈራችን ደላላ ምክርና የዚያ ትልቅ ኩባንያ ዝምታ በመጠን እንጂ በዓይነት አይለያዩም።

ከእነዚህ አገሮች በግል የገባ መኪና ሲጠራ ለእኛ ደብዳቤ አይደርሰንም። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያላችሁ የሻንሲ ቁጥሩን በዚያው አገር የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማጣሪያ ላይ ማስፈተሽ ትችላላችሁ።

ለገዢና ለሻጭ

ገዢ የሆናችሁ፦ መኪናን በቀዝቃዛው ብቻ አትመልከቱ። ከሰዓት በኋላ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ፣ ዳገት አስወጥታችሁ፣ አጥፍታችሁ በጋለበት እንደገና አስነሡት። በኪሱ ያሉትን ደረሰኞች ጠይቁ። «ጠፍቶባችሁ ያውቃል?» ብላችሁ በምስክር ፊት ጠይቁ፤ መልሱን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ሻጭ የሆናችሁ፦ የምታውቁትን ተናገሩ። ዋጋው ሊቀንስ ይችላል። የቀነሰው ገንዘብ ግን በእጃችሁ የሌላ ሰው ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙ። የጋራዥ ሥራም ሆነ ሌላ ሙያ የምትማሩ ከሆነ፣ ዕቃ መቀየርን ከመማራችሁ በፊት መጠየቅን፣ መጻፍንና መለየትን ተማሩ። እኛን የረዱን አዛውንት ከሌሎቹ የበለጠ ውድ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ አንድ አምፖል፣ አንድ የብልጭታ መፈተሻና በሽታው እስኪመጣ የመጠበቅ ትዕግሥት ብቻ ነበራቸው።

መኪናው ዛሬም እናታችንን ወደ ቀጠሯቸው ያደርሳል። ምናልባት አንድ ቀን እንሸጠው ይሆናል። ያን ጊዜ ከሊብሬው ጋር ያን ደብተር አብረን እንሰጣለን፤ ኢንሻአላህ።